ጥይት የማያውቅ ነፍጥ

አቶ ደሴ ከወረታ ደውለው መሪጌታ ጥሩነህ ማረፋቸውን የነገሩኝ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። «ነፍስ ይማር» አልሁ። ታመው ነበር ወይ፣ ልጆቹ ደረሱ ወይ፣ ወይዘሮ አበቡስ እንዴት ሆኑ እያልሁ በወጉ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም በወጉ መለሱልኝ። ወጉ ሲያልቅ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሽንኩርት ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። አፍሬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቶ ደሴም በወዲያ በኩል እየሳቁ ኖሯል። «እኔም እኮ ከቀብር ስመለስ መንገድ ላይ ብቻየን ስስቅ ሰው አገኘኝ» አሉኝ። «ምን ላርግ ልጀ፣ ሰውየውን ባሰብሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጭሱ ነው።»

በእኔም ላይ የሚመጣው ጭሱ ነው። ስለዚህ ከጭሱ ልጀምር።

ጊዜው የደርግ ነው። ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ወረታ መደቡኝ። ሥራዬ የፎገራን ገበሬ ሩዝ ማስለመድ ነበር። ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ጣናም ከወዲያ ሆኖ ቦታ የለኝም ይላቸዋል። ብዙው መሬት እስከ መስከረም ድረስ የዳክዬ ነው። በዚያ ውሃ ላይ የሚቆም እህል ተገኘ ተብሎ ሩዝ መጣ፤ ከሩዙ ጋር እኔ መጣሁ። ገበሬው ሁለታችንንም በጥርጣሬ ተቀበለን። ሩዙን «የፈረንጅ ሣር» አሉት፤ እኔን «የሩዟ ልጅ» አሉኝ።

ቁሐር ሚካኤል በሚባል መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ረግረግ ላይ የተዘራው ሩዝ ማንም ሳይጠብቀው አማረ። ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር ግን ከጣና ዳር ከደንገሉ ውስጥ ወፍ ተነሣ። ወፍ ስል አንድ ሁለት አይደለም፤ ግሪሳ ነው፤ ሲያርፍ አረንጓዴው ማሳ ቡናማ ይሆናል። ሰዉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጨፈ፣ ቆርቆሮ ደበደበ፣ ተሳደበ። ወፉ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ሌላው ጥግ ላይ ከማረፍ በቀር ሰዉን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

አንድ ቀን ጠዋት ማሳው ዳር ጎንበስ ብዬ የጉዳቱን መጠን ስጽፍ ከጀርባዬ ምድር የተናደ የሚመስል ድምፅ ጮኸ። ጊዜው እንዲህ ያለ ድምፅ በጨዋታ የሚታለፍበት አልነበረም። ደብተሬን ወርውሬ ጭቃው ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ጆሮዬ እየጮኸ ሌላ እስኪደገም ስጠብቅ በላዬ ነጭ ጭስ አለፈ፤ የድኝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከጭሱ ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ።

«ማነሽ አንች? ሞተሽ እንደሁ ንገሪኝ፣ ለቤተ ሰብሽ እንድልክ።»

ቀና ስል ከራሳቸው የሚረዝም ነፍጥ የተደገፉ፣ አጭር፣ ጥምጣማቸው ወደ አንድ ወገን የተንሻፈፈ ሰው ቆመዋል። ፊታቸው ጠቁሮ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ማሳው ላይ አንድም ወፍ አልነበረም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልሁ፣ ገና እንደ ተኛሁ።

«ባሩድ ነዋ። ጥይት የለበትም፣ ተነሽ። ይልቅ ድምፁ እንዴት ነበር? ከኔ ይልቅ አንች በደንብ ሰምተሽዋል።»

መሪጌታ ጥሩነህን የተዋወቅኋቸው በዚህ ዓይነት ነው። የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይመራሉ፤ ከማኅሌት የተረፈ ልባቸው ግን ያለው ባሩድ ላይ ነው። ያኔ ሃምሳን የተሻገሩ ይመስለኛል። «ቄስ ብሆን ኖሮ ነፍጥ መያዝ ይከለክሉኝ ነበር፤ እግዜር አውቆ መሪጌትነት ላይ አቆመኝ» ይላሉ። የቀኝ ቅንድባቸው የለም። ደጋግሞ ሲቃጠል ጊዜ መብቀሉን ትቶታል። ግራ ጆሯቸው ደግሞ እምብዛም አይሰማም፤ ሰው በዚያ በኩል ሲያናግራቸው «እሱ የነፍጡ ነው፣ በዚህ በኩል ና» ብለው ራሳቸውን ያዞራሉ።

ነፍጡ ከአያታቸው የመጣ ነው። ሰደፉ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በእርጥብ የበሬ ቆዳ ተሰፍቶ ደርቋል። ቃታ የሚባል ነገር የለውም፤ ባሩዱን በአፉ ያጎርሱታል፣ ጨርቅ ይወትፉበታል፣ በረጅም ዘንግ ይጠቀጥቁታል፣ ከዚያ ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ ላይ የሚጤስ ገመድ ያስነኩታል። በእሳቸው እጅ ከገባ ወዲህ ጥይት ቀምሶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት አመጣሽ በሚል ዓይን አዩኝ።

«ጥይት ከገባበት እኮ ሥራ ነው፣ ልጀ። ሰው ይሞትበታል፣ አውሬ ይሞትበታል፣ ደም ስትጠርጊ ትውያለሽ። ያለ ጥይት ግን በዓል ነው።»

ባሩዱን ራሳቸው ይሠሩታል። ከአሮጌ በረት ሥር የሚቧጨረውን አፈር አጥበው፣ አፍልተው ነጭ ጨው ያወጡበታል፤ ለከብት እከክ ተብሎ የሚሸጠውን ድኝ ከይፋግ ገበያ ያመጣሉ፤ ከሰሉ የብሳና ካልሆነ አይነኩትም። ሦስቱን አርጥበው በእንጨት ሙቀጫ ይወቅጣሉ። ሙቀጫው የባለቤታቸው የወይዘሮ አበቡ ነው፤ የቤቱ ጠብም ከዚያ ይነሣል። ወይዘሮ አበቡ ቀጭን፣ አንደበታቸው የሰላ ሴት ናቸው።

«አንድ ጊዜ ሳላውቅ በርበሬ ወቅጨበት ወጡ ጠቆረ» አሉኝ። «እንግዳ ሁሉ ጥርሱ ጠቁሮ ሄደ።»

«ጥሩ ወጥ ነው ብለው የደገሙት እንደነበሩም ንገሪያት እንጂ» አሉ መሪጌታ ጣልቃ ገብተው። «ደግነቱ እሳት አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም።»

ባሩዱ ሲደርቅ ይፈተናል። «የመንግሥት ወረቀት አለሽ? ነጭ የሆነ» ይሉኛል። ከደብተሬ ቀድጄ እሰጣቸዋለሁ። ቆንጥረው ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡና እሳት ሲያስነኩት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ ባሩዱ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን ካጠቆረ ወይም ከበሳው ወደ ሙቀጫው ይመለሳል። ወረቀት ቢቸግረኝ ፈተናውን ያለፉትን እንደገና ጻፍሁባቸው። ለአለቃዬ ከላክኋቸው ሪፖርቶች አንዳንዶቹ ድኝ ድኝ ይሸቱ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ትናንት እንደ ሆነ አድርጎ ያወራዋል። መሪጌታ መድፍ አማራቸው። ነፍጡ ለሚካኤል ክብር አነሰ ብለው ነው። የዋንዛ ግንድ አስወርደው ውስጡን በጋለ ብረት አስቦረቦሩ፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጠፍር ጠፍረው ፀሐይ ላይ አደረቁት። ሲተኮስ አገር ተሰበሰበ፤ ደግነቱ ራቅ ብሎ ነው የተሰበሰበው። መድፉ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንዱ ወገን ጎመን መደብ ውስጥ ገባ፣ የሌላው መድረሻ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሰፈሩ ውሾች ለሦስት ቀን ጠፉ። መሪጌታን ከቦይ ውስጥ ጎትተው ሲያወጧቸው መጀመሪያ የተናገሩት «ይፋግ ድረስ ተሰማ ይሆን?» የሚል ነበር። ማምሻውን ከይፋግ ገበያ የተመለሱ ሴቶች ነጎድጓድ መስሏቸው ዕቃ ሲሰበስቡ እንደነበር ነገሯቸው። «የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድም እንዲያ ደስ አላለውም» ብለውኛል ወይዘሮ አበቡ።

ከዚያ ወዲህ በነፍጡ ረኩ። አጎራረሳቸውን ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር። የባሩዱን ቀንድ አንሥተው «በስመ አብ» ብለው ይጨምራሉ። «ወወልድ» ብለው ጨርቁን ይወትፋሉ። «ወመንፈስ ቅዱስ» እያሉ በዘንጉ ይጠቀጥቃሉ። «አሐዱ አምላክ» ሲሉ ዘንጉን መዝዘው መሬት ላይ ይተክሉታል። «አሜን» ላይ ገመዱ ቀዳዳዋን ይነካል። ከአያታቸው የተማሩት እንዲህ ነው፤ እሳቸውም ሌላ መንገድ መኖሩን አስበው አያውቁም።

አንድ ቀን እኔንም አስተኮሱኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን አስይዘውኝ ከጎኔ ቆሙ። ገመዱን ሳስነካው ቀዳዳዋ ላይ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ምንም የለም፤ ከሸፈ ብዬ ዞር ልል ስል ትከሻዬ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዓለም ነጭ ሆነ። ጭሱ ሲገፈፍ ጮክ ብዬ እየሳቅሁ ነበር። ዓመት ሙሉ በዚያ አገር እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ብቻዬን የምኖር፣ ሰው የሚፈራኝ፣ እኔም ሰው የምፈራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ።

«በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለችዋን አየሻት?» አሉኝ መሪጌታ።

«ከሸፈ ብዬ ነበር።»

«እሷን ነው የምልሽ። ይመጣል፣ አይመጣም የምትይባትን። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሷን ብቻ።»

በዚያው ዕለት ወደድኋቸው።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን መሣሪያ ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ። ከታጣቂዎቹ በቀር በገበሬ እጅ ያለ ጠመንጃ ሁሉ ተመዝግቦ ወረታ እንዲገባ ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ያኔ እነዚህ አቶ ደሴ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ማስቀየም የሚከብዳቸው ሰው። ወደ መሪጌታ ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ደጁ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«መሪጌታ፣ እርስዎን ሳልጽፍ ዝርዝሩን ብልክ ይደረስብኛል። ነፍጥዎትን አገር ያውቀዋል።»

«አገር ያውቀዋል እንጂ ማን ፈራው?»

«እኔስ ይኸን አጣሁት ብለው ነው?»

መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኅዳር ሚካኤል ነው። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ ያ ነፍጥ ሦስት ጊዜ ይተኮሳል፤ አያታቸውም አባታቸውም ያደረጉት ነው፤ በሜዳው ላይ ያለ፣ ታሞ የተኛ፣ ከብት ጥሎ መምጣት ያልቻለ ሁሉ በዚያ ድምፅ ተነሥቶ ይሳለማል።

«ዘንድሮ ሚካኤል ዝም ብሎ ሊወጣ ነው» አሉ።

ወይዘሮ አበቡ ከጓዳ ብቅ አሉ። ስለ ነፍጡ በጎ ነገር ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ደሴ፣ ከወሰድኸው ሰውየውንም ጨምረህ ውሰድልኝ» አሉ። «ያለ ነፍጡ እዚህ ቤት ሲዞርብኝ አልችለውም።» ይህን ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

በማግስቱ ወረታ ገብቼ አንድ ወረቀት ጻፍሁ። ሐሰት አልነበረበትም። ቁሐር ሚካኤል ያለው አፈ ሙዝ ጎራሽ ነፍጥ ጥይት የማይጎርስ የወፍ ማባረሪያ መሆኑን፣ ባለፈው ዓመት የተረፈው ሩዝ በእሱ መትረፉን፣ በእርሻ መሣሪያነት ቢመዘገብ ለልማቱ እንደሚጠቅም ገልጬ ፈረምሁ። በሳምንቱ ነገሩን በዓይኑ አይቶ እንዲወስን አንድ የመቶ አለቃ ተላከ።

የመቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ፊቱ አይፈታም። ከሁለት ወታደሮች ጋር ማሳው ዳር ከመኪና ወረደ። ሩዙ አሽቷል፤ ወፉም ደግነቱ ቀጠሮ አክብሮ ማሳውን ሞልቶታል።

«ሽማግሌ፣ መሣሪያው ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው፣ ጌታየ።»

«ጌታ የለም። ጓድ በል።»

«ይኸ ነው፣ ጓድ ጌታየ።»

አቶ ደሴ ወደ መሬት አዩ። መሪጌታ ቀንዱን አነሡ። «በስመ አብ» ብለው ባሩዱን ጨመሩ። «ወወልድ» ብለው ጨርቁን ሊወትፉ ሲሉ የመቶ አለቃው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ። እዚህ የመጣሁት ጸሎት ልሰማ ነው? ጸሎቱን ተውና ተኩስ።»

መሪጌታ አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ብቻውን ቀረ። ጨርቁን ወተፉ፣ ዘንጉን ከተቱ፣ ጠቀጠቁ፣ ትንሽ ግራ የገባቸው መሰሉ፤ ነፍጡን አንሥተው ገመዱን አስነኩት። ድምፁ ጮኸ፤ ከድምፁ ጋር አንድ ረጅም ነገር እያፏጨ ከጭሱ ወጣ። በሩዙ ላይ፣ በቦዩ ላይ አልፎ ወዲያ ማዶ ከምትግጥ ላም ፊት ጭቃው ውስጥ ተተከለ። ላሚቱ አየችው፣ አሸተተችው፣ ግጦሿን ቀጠለች። ወፉ አንድም ሳይቀር ወደ ጣና ሄዷል።

«ምንድን ነው ያ የሄደው?» አለ የመቶ አለቃው።

መሪጌታ ባዶ እጃቸውን፣ ከዚያ ላሚቱን አዩ።

«አሐዱ አምላክ ነው፣ ጓድ ጌታየ። እሱን ሲዘሉት ዘንጉ እዚያው ውስጥ ይቀራል።»

አቶ ደሴ ቀስ ብለው ሥርዓቱን አስረዱት፤ የትኛው ቃል ላይ ምን እንደሚደረግ፣ ዘንጉ የሚመዘዘው የትኛው ላይ እንደሆነ። የመቶ አለቃው ሰምቶ ሲጨርስ ጀርባውን ሰጠንና ጣናን ማየት ጀመረ። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። እንደ ተቆጣ ገምቼ አለቀልን አልሁ በልቤ። ሲዞር ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ከንፈሩን ነክሷል። ወታደሮቹም ወዲያ ወዲህ ያያሉ።

«ዘንጉን አምጡለት» አለ። «ከነጸሎቱ ይድገሙት።»

ከነጸሎቱ ደገሙት፤ እንከን አልነበረውም። የመቶ አለቃው ጭሱ ውስጥ ገብቶ አሸተተ፣ ነፍጡን ዳሰሰ፣ ወደ ማሳው አየ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔስ ብሞክረው?» አለ። መሪጌታ ፊታቸው በራ። ቀንዱን አስያዙት። ነፍጡን እያጎረሰ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም።

«አልሰማሁዎትም» አሉ መሪጌታ። «ጮክ ይበሉ እንጂ፣ ዘንጉ ዳግመኛ ይሄድብናል።»

የመቶ አለቃው ወታደሮቹን ገላመጣቸው። እነሱም ፈጥነው ዞሩ። ከዚያ የመንግሥቱ መኮንን በፎገራ ሜዳ መካከል «አሐዱ አምላክ» ብሎ ጮኸና ዘንጉን መዘዘ። ነፍጡ ሲተኮስ ቆቡ ወደቀ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ጠቆረ። እንዲያ ሲስቅ ዕድሜው ከእኔ እንደሚያንስ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «አንድ ጊዜ ልድገም፣ መሪጌታ፣ ከፈቀዱልኝ» አለ።

ከወረታ የመጣው ደብዳቤ ግን ከሳቁ ያነሰ ነበር። ነፍጡ በእርሻ መሣሪያነት ይቆይ፤ ሆኖም ሩዝ በቆመበት ማሳ ላይ ወፍ ለማባረር ካልሆነ በቀር እንዳይተኮስ፤ ይህ ቢጣስ ነፍጡ ተወስዶ ሊቀመንበሩ ይጠየቃል። አቶ ደሴ ዋስ ሆነው ከሥሩ ፈረሙ። መሪጌታ ደብዳቤውን ተቀብለው እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ ቃል በቃል አነበቡት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ቀና አሉ።

«ሩዝ ባለበት፣ ወፍ ሲመጣ። እንዲህ ነው የሚለው አይደል?»

«እንዲህ ነው» አልሁ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ መሪጌታ ከመዘምራኑ መካከል ጠፉ። ታቦቱ ብቅ ሲል፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሩዝ ውስጥ ያ ድምፅ ተነሣ። ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። ሰው በያለበት ተንበረከከ። አቶ ደሴ አጠገቤ ቆመዋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

«ወፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሦስት ጊዜ መጣ።»

«ጻፊው እንግዲህ።»

ጻፍሁት። በወር ሪፖርቴ ላይ አለ።

ሩዙ ግን መታጨዱ አይቀርም። ታኅሣሥ ላይ አገር ምድሩ ማጭድ ይዞ ወጣ፤ ምርቱም ሰዉ ያላሰበው ሆነ፤ የፈረንጅ ሣር ማለቱም ቀረ። ፊታቸው የጠቆረው መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ጥምቀት እየመጣ ነው፤ ታቦቱ ወደ ወንዝ ሲወርድም ነፍጡ መተኮስ አለበት፤ ሩዝ በሌለበት ደግሞ ወፍ የለም። አንዳንዱ ሰው ዝም ብለው ቢተኩሱ ማን ያያል አላቸው። መሪጌታ ተቆጡ።

«ደሴ በኔ ፈርሟል» አሉ። «ለኔ ደስታ እሱን ላሳስር?»

ነፍጡን በጨርቅ ጠቅልለው ሰቀሉት። ሙቀጫውን አጥበው ለወይዘሮ አበቡ መለሱላቸው። ወይዘሮ አበቡ ሙቀጫውን ተቀብለው አለቀሱ። እኔም በዚያ ሰሞን ከመሪጌታ ቤት እግሬን አሳጠርሁ፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ሥራዬ ግን አላረፈም። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቁራጭ ሩዝ ሳይታጨድ ቀርቶ አየሁ፤ ስፋቱ ሁለት አውድማ ያህል ነው፣ ዙሪያው ለከብት እንዳይመች በእሾህ ታጥሯል። የአቶ ደሴ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው እየረገፈ ነው። ተናደድሁ።

«አቶ ደሴ፣ ሌላውን ማስተማር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ለምን አያጭዱትም?»

«ሰው ጠፋ፣ ልጀ።»

«አራት ልጆች አሉዎት እኮ።»

«ልጆቹም ወገባቸውን አሟቸው» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

በቸልተኝነት የጠፋ ማሳ ብዬ መዘገብሁት።

ከተራ ደረሰ። ታቦቱ በእልልታ ወጥቶ በተራቆተው ሜዳ ላይ ወደ ወንዙ ጉዞ ተጀመረ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከመዘምራኑ ፊት ይሄዳሉ፤ ዜማውን ያነሣሉ፣ ይመራሉ፣ አንድ ስሕተት የለባቸውም፤ ግን እንደ ወትሮው አያሸበሽቡም። ከአጨዳ ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄዱም ነበር። ወንዙ አጠገብ ስንደርስ ዜማው ከአፋቸው ተቋረጠ። መዘምራኑም ተከትለው አቆሙ። እዚያ፣ በታጨደ አገር መካከል፣ የአቶ ደሴ ሩዝ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። አገሩ ሁሉ ባዶ ሆኖበት መሄጃ ያጣው ግሪሳ ተሰብስቦ ተደራርቦበታል።

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

አቶ ደሴ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው መሪጌታ ፊት ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መሪጌታ፣ ወፍ ሩዜን ፈጀብኝ» አሉ። «ማኅበሩ የወፍ ማባረሪያ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

መሪጌታ ሩዙን አዩ፣ ወፉን አዩ፤ መቋሚያቸውን ለአንዱ መዘምር አስያዙ። ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ አበቡ መጡ፤ በጋቢያቸው ሥር ከቤት ጀምሮ ደብቀው ያመጡትን ረጅም ነገር አውጥተው ነፍጡን አስያዟቸው። ቀንዱንም ሰጧቸው። «ሌሊቱን እኔ ነኝ የወቀጥሁት» አሉ። «በወረቀት ፈትኘዋለሁ፤ ነጭ ነው።»

ካህናቱ ታቦቱን እንደ ተሸከሙ ቆሙ። መሪጌታ እሾሁን አልፈው ሩዙ ውስጥ ገቡ፤ ወገባቸው ድረስ ዋጣቸው። ቀዳዳዋ ላይ ብልጭ ሲል አየሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ጭሱ ሩዙንም እሳቸውንም ሸፈነ፤ ወፉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በላያችን አለፈና ወደ ጣና ነጎደ። እልልታው ሜዳውን ሞላው። ሰማዩ ላይም ማሳው ላይም አንዲት ወፍ አልቀረችም።

«ሄዱ፣ መሪጌታ?» ብለው ጠየቁ አቶ ደሴ።

መሪጌታ ከጭሱ ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ እንባቸው በጥቁሩ ላይ ሁለት መስመር አውጥቷል። ባዶውን ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት።

«ኧረ አልሄዱም፣ ደሴ» አሉና ቀንዱን አነሡ።